ለስላሳው ጠጅ ጠርሙስ የሚሰብረው ለምንድን ነው? ጠጅን የማጥለልና የማሸግ ፊዚክስ

በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ ለጠጅ ጣይ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያቀርባል። ማሩ ከነሰፈፉ፣ ጌሾው በእንጨትም በቅጠልም፣ ማጥለያው አቡጀዲና ሻሽ በሜትር ይሸጣል። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰባቸው የወይን፣ የውስኪና የቢራ ባዶ ጠርሙሶች ደግሞ ምናለሽ ተራ ገብተው እንደገና ገዢ ያገኛሉ። ማሩ፣ ጌሾውና ማጥለያው ከጠጅ ጋር ብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል። የታሸገው ጠርሙስ ግን ለጠጅ አዲስ እንግዳ ነው። ጠጅ ሲፈላ የኖረው በጋንና በእንስራ፣ ከዚያም በበርሜል ነው፤ ወደ ብርሌ የሚቀዳውም ወዲያው ሊጠጣ ነው። ብርሌ አንገቱ ቢጠብም አፉ ክፍት ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ውስጥ ከፍላቱ የሚወጣው ጋዝ መውጫ አያጣም።

ዛሬ ግን ጠጅ በጠርሙስ ታሽጎ ለበዓል በስጦታ ይላካል፣ ለሠርግ በሣጥን ይጓጓዛል፣ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድም በሻንጣ ይሄዳል። የጠርሙሱ አፍ በተዘጋ ጊዜ አንድ ቀላል የሚመስል የቤት ሥራ የግፊት ጉዳይ ይሆናል። ጠርሙስ በጓዳ መደርደሪያ ላይ ሲፈነዳ የሚጠፋው ጠጁ ብቻ አይደለም፤ ስባሪው እጅና ፊት ይቆርጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዐይን ያጠፋል። በዚህ ጽሑፍ ጠጅ በሚጠለልበትና በሚታሸግበት ጊዜ የሚሠሩትን የተፈጥሮ ሕግጋት በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ስሌቶቹን ሁሉ ራሱ ሊያጣራቸው ይችላል።

ከብርዝ ወደ ጠጅ

ማር በራሱ አይፈላም። በውስጡ ያለው ውኃ ከመቶ 20 እጅ ገደማ በታች በመሆኑ እርሾ ሊራባበት አይችልም። በውኃ ሲበረዝ ግን ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የመጡ እርሾዎች ሥራ ይጀምራሉ። ከአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በጠጅ ውስጥ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾና ሌሎች የእርሾ ዓይነቶች ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ጋር አብረው ይገኛሉ። የጠጁም ጠባይ ከቤት ቤት፣ ከጥንስስ ጥንስስ በእጅጉ ይለያያል።

እርሾው የሚያከናውነው ለውጥ በአንድ መስመር ሊጻፍ ይችላል። 180 ግራም ግሉኮስ ተለውጦ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግራም ስኳር ግማሽ ግራም ያህል፣ በትክክል 0.49 ግራም፣ ጋዝ ይሆናል። ይህንን ቁጥር አንባቢያን እንዲይዙልን እንጠይቃለን፤ ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

በጠጅ ቤቶች ጠጅ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እየተባለ ይከፈላል። ለስላሳው ጣፋጭ ነው፤ ጣፋጭ የሆነውም ስኳሩ ገና ስላላለቀ ነው። ደረቁ አብዛኛውን ስኳር ወደ አልኮል ለውጧል። ብዙ ሰው ደረቁን ጠጅ “ኃይለኛ”፣ ለስላሳውን “የዋህ” አድርጎ ያስባል። ለጠጪው ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለጠርሙሱ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደረቁ ጠጅ ጋዙን በበርሜል ሳለ ጨርሶ ለቅቋል። ለስላሳው ግን ገና የሚለቀውን ጋዝ በስኳር መልክ ይዞ ወደ ጠርሙስ ይገባል።

ማጥለል ምን ያስቀራል? ምንስ ያሳልፋል?

“ጠጁን እኮ በደንብ አጥልለነዋል” የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማጥለል ግን ምን እንደሚያስቀር በልክ መነጋገር ያስፈልጋል። ተራ አቡጀዲ በድርና በማጉ መካከል ያለው ቀዳዳ ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የእርሾ ሕዋስ ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር፣ የባክቴሪያ ውፍረት ደግሞ 1 ማይክሮሜትር ያህል ነው። የጨርቁን ቀዳዳ እንደ ግቢ በር ብናስበው፣ እርሾው በዚያ በር የምታልፍ ጫጩት ናት። ጨርቁ የጌሾ ስብርባሪን፣ ሰፈፍንና የንብ ክንፍን ያስቀራል፤ እርሾን አያስቀርም።

ይሁንና ልምድ ያላት ጠጅ ጣይ መጀመሪያ የወረደውን ድፍርስ ጠጅ መልሳ በዚያው ጨርቅ ላይ ታፈስሰዋለች። በዚህ አሠራር ጥልቅ ዕውቀት አለ። በጨርቁ ላይ የተከማቸው ደለል ራሱ ከጨርቁ የጠበበ ማጥለያ ይሆናል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የጠራ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ዋጋው ግን ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ በአሸዋ ንጣፍ ውስጥ የሚያልፍ ውኃ ፍጥነት ከግፊቱ ልዩነት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ንጣፉ በወፈረ መጠን ደግሞ ይቀንሳል። ደለሉ እየወፈረ ሲሄድ ጠብታው እየዘገየ የሚሄደው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። ትዕግሥት አጥቶ ጨርቁን የሚጨምቅ ሰው ግፊቱን ይጨምራል፤ ሆኖም የደለሉን ንጣፍ ይሰብረዋል፣ የተያዘውንም ደቃቅ ነገር መልሶ ወደ ጠጁ ይገፋዋል። የተጨመቀ ጠጅ የሚደፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

እርሾን በማጥለል ብቻ ለማስቀረት ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ያስፈልጋል። ፋብሪካዎች 0.45 ማይክሮሜትር የሆነውን ይጠቀማሉ። ነገር ግን በጠቅላላ ክፍት ስፋታቸውና በውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማጣሪያዎች ቢኖሩ፣ ፈሳሹ የሚያልፍበት ፍጥነት ከቀዳዳው ስፋት ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ቀዳዳው ከ100 ወደ 0.5 ማይክሮሜትር ሲጠብ በ200 እጥፍ አነሰ ማለት ነው፤ ያንኑ ፍጥነት ለማግኘት በ40,000 እጥፍ የበለጠ ግፊት ያሻል። ፋብሪካ ማጣሪያውን እጅግ ስስና ሰፊ አድርጎ፣ ከፓምፕ ጋር የሚሠራውም ለዚህ ነው። የጓዳ ጨርቅና የመሬት ስበት ይህን ሊያደርጉ አይችሉም።

ስበትና ትዕግሥት

ጨርቁ ያላስቀረውን ጊዜ ያስቀረዋል። ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ በፈሳሽ ውስጥ የምትወርድ ትንሽ ድቡልቡል ቅንጣት ፍጥነት ከሬዲየሷ ካሬ ጋር እንደሚያድግ ይነግረናል። እርሾ ከጠጁ በሊትር 70 ግራም ያህል የበለጠ እፍጋት፣ 3 ማይክሮሜትር ሬዲየስ እንዳላት፣ ጠጁም ከውኃ ሁለት እጥፍ የሆነ ዝልግልግነት እንዳለው እንውሰድ። ስሌቱ በሰዓት 2.5 ሚሊሜትር፣ በቀን 6 ሴንቲሜትር ገደማ ይሰጠናል። ስለዚህ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ዕቃ ውስጥ እርሾዋ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ 5 ቀን ይፈጅባታል።

50 ማይክሮሜትር ሬዲየስ ያላት የጌሾ ቅንጣት ተመሳሳይ የእፍጋት ልዩነት ቢኖራት ያንኑ መንገድ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትጨርሰዋለች። ግማሽ ማይክሮሜትር ሬዲየስ ያላት ባክቴሪያ ግን ስድስት ወር ያህል ያስፈልጋታል፤ በተግባርም የሞለኪውሎች ግፊያ ወዲያና ወዲህ ስለሚያንገላታት ጨርሶ ላትዘቅጥ ትችላለች። በተጨማሪም ፍላቱ እስካለ ድረስ ወደ ላይ የሚወጡት አረፋዎች የዘቀጠውን መልሰው ያማስሉታል። በመሆኑም ጠጅ ራሱ መጥራት ሲጀምር ፍላቱ እየቀዘቀዘ ስለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሙሉ ማረጋገጫ ግን አይደለም። በጠራ ጠጅ ውስጥ በዐይን የማይታዩ በርካታ እርሾዎች ሊቀሩ ይችላሉ፤ ስኳር ካገኙም ይራባሉ።

ከዝቃጩ በላይ ያለውን ጠጅ ሳይደፈርስ ለማውጣት ዕቃውን ከማዘንበል ይልቅ በንጹሕ ቱቦ መሳብ ይሻላል። የቱቦው ጫፍ ከአምቡላው ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ የሚወርደውም ጠጅ ከጠርሙሱ ሥር ጀምሮ ያለ ርጭት መሙላት ይኖርበታል። ርጭት አየር ያስገባል፤ አሴቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ በኦክስጅን አማካይነት አልኮሉን ወደ ኮምጣጤነት ይለውጡታል።

የተዘጋው ጠርሙስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ ጋዝ መጠን ከፈሳሹ በላይ ካለው የዚያው ጋዝ ግፊት ጋር ይመጣጠናል። በ20 ዲግሪ ሴልሽየስ አንድ ሊትር ውኃ በ1 አትሞስፌር ግፊት 1.7 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሯ ግፊት 0.75 አትሞስፌር አካባቢ ነው። ስለዚህ ክፍት በሆነ በርሜል የሚፈላ ጠጅ በሊትር 1.3 ግራም ያህል ጋዝ ይይዛል፤ የቀረው ወደ አየር ይሄዳል።

ጠጁ በሊትር 10 ግራም ሊፈላ የሚችል ስኳር እንደያዘ ታሸገ እንበል። ይህ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው፤ በማር መዓዛ መካከል ምላስ ላያስተውለው ይችላል። ከእርሱ 4.9 ግራም ጋዝ ይወጣል፤ ከነበረው 1.3 ጋር 6.2 ግራም ይሆናል። 6.2 ለ1.7 ሲካፈል 3.65 አትሞስፌር ነው። ከዚህ የውጩን 0.75 ስንቀንስ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ግፊት 2.9 አትሞስፌር ይሆናል። ይህ በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ይበልጣል። ስኳሩ በሊትር 20 ግራም ቢሆን በተመሳሳይ ስሌት 5.8 አትሞስፌር እናገኛለን፤ ይኸውም ሻምፓኝ በልዩ ወፍራም ጠርሙስ የሚታሸግበት ግፊት ነው። ያው ጠርሙስ ፀሐይ በሚያገኘው ሱቅ ውስጥ 30 ዲግሪ ቢደርስ፣ የጋዙ የመሟሟት አቅም ወደ 1.25 ግራም ስለሚወርድ ግፊቱ ወደ 8 አትሞስፌር ይጠጋል። ከፈሳሹ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ጥቂት ጋዝ ስለሚይዝ እውነተኛው ቁጥር ትንሽ ያንሳል፤ አደጋው ግን ያው ነው።

የአፉ ስፋት 18 ሚሊሜትር በሆነ ጠርሙስ ላይ 5.8 አትሞስፌር ክዳኑን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል 150 ኒውተን፣ ማለትም የ15 ኪሎ ዕቃ ክብደት ነው። በእጅ የተወተፈ ቡሽ ይህንን አይችልም፤ ይወረወራል። የቡሹ መወርወር እንዲያውም መልካም ዕድል ነው። በሽቦ የታሰረ ቡሽ ወይም በማሽን የታሰረ ቆርኪ ከያዘ ግን የሚለቀው ጠርሙሱ ራሱ ይሆናል።

ያገለገለ ጠርሙስ ጥንካሬ

በሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያለው ውጥረት ግፊቱ በሬዲየሱ ተባዝቶ ለውፍረቱ ሲካፈል ይገኛል። ሬዲየሱ 37 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ለሆነ የወይን ጠርሙስ፣ በ5.8 አትሞስፌር 7 ሜጋፓስካል ያህል ነው። በአንድ በኩል ግድግዳው ሳስቶ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ግን በዚያ ቦታ ውጥረቱ ወደ 22 ሜጋፓስካል ይወጣል።

ይህ ለመስታወት ብዙ ነውን? መልሱ በመስታወቱ ገጽ ላይ ባለው ጭረት ይወሰናል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ግሪፊዝ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መስታወት ከሚጠበቀው ጥንካሬ እጅግ ዝቅ ባለ ውጥረት የሚሰበረው በገጹ ላይ ባሉ ረቂቅ ስንጥቆች ምክንያት እንደሆነ አስረዳ። ውጥረቱ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም በጠለቀ መጠን መስታወቱን ለመስበር የሚበቃው ኃይል ያንሳል። ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ፣ በጆንያ ውስጥ ከወንድሞቹ ጋር የተፋጨ፣ በአሸዋ የታጠበ ጠርሙስ በጭረት የተሞላ ነው። በዚያ ላይ እርጥበት በውጥረት ሥር ያለ ስንጥቅ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ይረዳዋል። ስለሆነም ሳምንት ሙሉ ጸንቶ የቆየ ጠርሙስ ማንም ሳይነካው በስምንተኛው ቀን ሊፈነዳ ይችላል። “እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም” የሚለው አነጋገር እንግዲህ ማስረጃ አይሆንም።

የውስኪ ጠርሙስ ለግፊት ታስቦ አልተሠራም፤ ተራ የወይን ጠርሙስም እንዲሁ። የቢራ ጠርሙስ ቢራው የሚይዘውን ጋዝ ከነመጠባበቂያው እንዲችል ተደርጎ ይሠራል፤ ከቁጥጥር ውጪ የሚፈላን ለስላሳ ጠጅ እንዲችል ግን አይደለም። ጀሪካንና ትልልቅ የፕላስቲክ ዕቃን በሚመለከትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀድሞ ምን እንደያዘ ያልታወቀ ዕቃ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም፤ ፕላስቲክ ኬሚካልን በውስጡ ስለሚመጥ፣ አልኮልና አሲድ ያለው ጠጅ ደግሞ መልሶ ስለሚያወጣው ነው።

ጠርሙሱን እስከ አፉ መሙላትም ሌላ አደጋ አለው። 750 ሚሊሊትር ፈሳሽ ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 3 ሚሊሊትር ያህል ይጨምራል። ፈሳሽ እንደ ጋዝ አይታመቅም፤ ማረፊያ ባዶ ቦታ ካላገኘ ክዳኑን ወይም ጠርሙሱን ይገፋል። ስለዚህ ከአፉ በታች አራት ሴንቲሜትር ያህል መተው ተገቢ ነው።

አውሮፕላንና የአዲስ አበባ ከፍታ

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ጠጅ “አውሮፕላን ላይ ባለው የአየር ማነስ ይፈነዳል” የሚል እምነት አለ። በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በመደበኛ በረራ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ግፊት በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ይጠበቃል፤ የሻንጣው ክፍልም እንደዚሁ ግፊት አለው። ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ለታሸገ ጠርሙስ በረራው የሚጨምረው የግፊት ልዩነት የለም ለማለት ያስደፍራል። ያው ጠርሙስ በባሕር ጠረፍ ከተማ ቢታሸግ ኖሮ ልዩነቱ በሩብ አትሞስፌር ይጨምር ነበር። በሻንጣ ውስጥ ጠርሙስ የሚሰብረው እንግዲህ ሰማዩ ሳይሆን ያላለቀው ስኳር፣ ሙቀቱና ግጭቱ ነው።

በሚዛን የሚደረግ ሙከራ

ጠጁ መፍላት ማቆሙን እንዴት እናውቃለን? ምላስም ዐይንም አይበቁም፤ ሚዛን ግን ይበቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዕቃው ሲወጣ ክብደት ይዞ ይወጣል። ሁለት ሊትር ጠጅ በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ፤ ጋዝ እንዲወጣ ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ። አንድ ግራም በሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘን። እያንዳንዱ ግራም የክብደት መቀነስ ሁለት ግራም ያህል ስኳር መለወጡን ያመለክታል። ሚዛኑ ለሳምንት ያህል ካልተንቀሳቀሰ ፍላቱ ቆሟል፤ ሚዛኑ ሊያየው ያልቻለው ስኳር በሊትር ከ1 ግራም ገደማ አይበልጥም፤ ይህም የሚፈጥረው ግፊት ከግማሽ አትሞስፌር በታች ነው።

ሙከራው አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲበርድ እርሾው ያንቀላፋል፤ ሚዛኑም ይቆማል። ይህ ስኳሩ አልቋል ማለት አይደለም። ዕቃው ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ሆኖ ያልቀነሰ እንደሆነ ብቻ ውጤቱ ይታመናል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተጠቀሱት ነጥቦች ተነሥተን የሚከተለውን እንመክራለን። ለመታሸግ የሚሻለው በሚዛን የተፈተነ ደረቅ ጠጅ ነው። ለስላሳውን ለማቆየት የሚፈልግ ሰው በማቀዝቀዣ ያኑረው፤ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል፣ ጋዙም በፈሳሹ ውስጥ በይበልጥ እንዲሟሟ ያደርጋል። ከጠርሙሶቹ ጋር አብሮ አንድ ንጹሕ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ጠጅ ይሞላ። ፕላስቲኩ በጣት ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ በመስታወቶቹም ውስጥ ያው ግፊት አለ ማለት ነው፤ ሁሉም ሳይውሉ ሳያድሩ መቀዝቀዝ አለባቸው። የሚከፈቱትም ከቀዘቀዙ በኋላ፣ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍነው፣ አፋቸው ከፊት ዞር ብሎ ነው።

ሉዊ ፓስተር በ1866 እ.ኤ.አ. ስለ ወይን ባሳተመው ጥናት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ረቂቅ ተሕዋስያንን መግታት እንደሚቻል አሳይቷል። ሆኖም ጋዝ የያዘን የታሸገ ጠርሙስ በቤት ውስጥ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ፈጽሞ አይገባም፤ በ60 ዲግሪ የጋዙ የመሟሟት አቅም በ20 ዲግሪ ከነበረው ወደ ሲሶ ስለሚወርድ ግፊቱ በዚያው ልክ ያሻቅባል።

ይህ ሁሉ ለጠጅ ብቻ የተባለ አይደለም። አልኮል የማይጠጡ ቤተሰቦች የሚያዘጋጁት ብርዝም ስኳሩ ሙሉ በመሆኑ፣ በፕላስቲክ ተዘግቶ በሞቀ ቦታ ካደረ ያው ሕግ ይሠራበታል። በልዩ ልዩ አገሮች በቤት የሚዘጋጀው ኮምቡቻ የተባለው የሻይ መጠጥም በእርሾና በአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ኅብረት የሚፈላ፣ ተጠልሎም የሚታሸግ ነው፤ የእርሱም ጠርሙስ የሚፈነዳው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሊትር 8 ግራም ስኳር የቀረበት ጠጅ አዲስ አበባ ላይ ታሽጎ ወደ ድሬዳዋ ተወሰደ። በዚያ የአየሩ ግፊት 0.87 አትሞስፌር፣ የክፍሉ ሙቀት 30 ዲግሪ ነው። በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው የግፊት ልዩነት ስንት ነው? ከፍታው መቀነሱ ወይስ ሙቀቱ መጨመሩ የበለጠ ለውጥ አመጣ?

2. እርሾዎች ተያይዘው ሬዲየሱ 10 እጥፍ የሆነ ክምችት ቢፈጥሩና እፍጋታቸው ባይለወጥ፣ 30 ሴንቲሜትር ለመውረድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል?

3. ሦስት ሊትር ጠጅ በአምስት ቀን ውስጥ 12 ግራም ክብደት ቀነሰ። በሊትር ስንት ግራም ስኳር ተለውጧል? ይኸው ጠጅ በመጀመሪያው ቀን ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ከየት እስከ የት ይደርስ ነበር?